ኤይም ማለት ማለም

ጎፋ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ጎልማሶችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እነዚያ ዴስኮች ላይ የሚቀመጡት እኔው የማስተምራቸው ልጆች ናቸው፤ ቅዳሜ ግን ጥበቃው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሁለት የቤት ሠራተኞች፣ ግንበኛውና ሌሎችም ጉልበታቸውን እንደምንም አጥፈው ይገቡባቸዋል። ሁሉም የሚዘጋጁት ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው። ስሙ ስንቴ ቢቀየር እነሱ «ሚኒስትሪ» ማለቱን አልተዉም፣ እኔም አልተውኩም።

ጥሩ አስተማሪ ነኝ፣ ይህን ለመናገር አላፍርም። ክፉ አመልም አለኝ። ምላሴ ከእኔ ይቀድማል፣ ሳቄ ደግሞ ከምላሴ ይቀድማል። ባለቤቴ «አንቺ ለቀልድ ስትዪ ሰው ትሸጫለሽ» ይለኛል። ይህን ሲል እስቃለሁ።

ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ከለቡ የሚመጡ ሴት ናቸው። ሃምሳን ተሻግረዋል። ክፍሉ በሙሉ «እናታችን» ስለሚላቸው እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። የተወለዱት እዚያው ለቡ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙም አስፋልቱም ሳይመጣ፣ ወላጆቻቸው ጤፍ ሲዘሩበት። አሁን በዚያው መሬት ጠርዝ ላይ አትክልት ይሸጣሉ። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የለመዱት በገበያ ነው፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከእኔ። ከአራተኛ ክፍል አቋርጠው ልጆቻቸውን ሁሉ ከዳሩ በኋላ ነው ወደ ትምህርት የተመለሱት። ለምን እንደተመለሱ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። የማውቀው እርሳሱን በጣም ተጭነው እንደሚጽፉ፣ ጽሑፋቸው በገጹ ጀርባ በጣት እንደሚዳሰስና የቤት ሥራ አንድም ቀን ሳይሠሩ እንደማይመጡ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ የቤት ሥራው ባለፈው ሳምንት በተማርናቸው አዳዲስ ቃላት ዓረፍተ ነገር መሥራት ነበር። እያንዳንዱ እየተነሳ አንድ አንድ ያነባል። ጥበቃው ስለ በር አነበበ፣ ልብስ ሰፊዋ ስለ መርፌ። እናታችን ተነሱ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ደብተሩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙና ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ላስት ናይት አይ ኤይምድ ማይ ማዘር። ሺ ጌቭ ሚ ማይ ኤክሰርሳይስ ቡክ።»

ሊሉ የፈለጉት «ትናንት ማታ እናቴን በሕልሜ አየኋት፣ ደብተሬን ሰጠችኝ» ነበር። ድሪም በማለት ፈንታ ኤይም አሉ። ኤይም ደግሞ ማነጣጠር ነው፤ ስለዚህ የወጣው «ትናንት ማታ እናቴ ላይ አነጣጠርኩ» ነው። የተፈጠረው ወዲያው ገባኝ፣ ምክንያቱም እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ዒላማ ላይ የሚያነጣጥረውንም ተኝቶ ሕልም የሚያየውንም በአንድ ግስ «አለመ» እንላለን። ገብቶኝም ዝም አላልኩም።

«ምነው እናታችን፣ እናትዎ ምን አደረጉዎት?» አልኩ። «በምንድን ነው ያነጣጠሩባቸው?»

ቀልዱን ላልገባቸው ተርጉሜ አስረዳሁ። ጥበቃው ከኋላ ሆኖ የመሣሪያ ፈቃድ እንዳላቸው ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ተቀመጡ። ዓይናቸው መጀመሪያ ደብተሩ ላይ፣ ከዚያ እኔ ላይ ቆየ፣ አንድ ነገር ሊሉ ያሰቡ መሰለኝ፣ ተዉት። እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ድረስ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ትምህርቱን ተከታተሉ። ሲወጡ ደብተራቸው ዴስኩ ላይ ቀርቶ ነበር። ረስተውት ነው ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብላ የእናታችን እናት ያረፉት አምና መሆኑን ነገረችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።

በማግስቱ እሁድ አልመጡም። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልመጡም። ሥራ ይዟቸው ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሌላ ቅዳሜ መጣ፣ ቦታቸው ባዶ ነበር፣ ጥበቃው እንኳን ቀልድ አቁሞ ነበር። ማክሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር የጎልማሶቹን የፈተና ዝርዝር አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና የእናታችን ፊርማ እንደጎደለ አሳየኝ። ተፈታኙ ራሱ ቀርቦ እስከ ዓርብ ካልፈረመ ስሙ ይሰረዛል። ከተሰረዘ ለከርሞ ነው።

ስልክ ቁጥር ካለበት ብዬ ደብተራቸውን የከፈትኩት ያኔ ነው። ስልክ ቁጥር አልነበረበትም። ገጹን ወደኋላ ሳገላብጥ የቃላቱን ዝርዝር አገኘሁ፣ ከሰሌዳዬ ላይ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል የተገለበጠ። በአራተኛው መስመር ላይ ኤይም የሚለው ቃል አለ። ከጎኑ በአማርኛ «ማለም» ይላል። ከዚያ ጎን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ በእኔ እጅ፣ ልክ ነው የሚል ምልክት።

ትዝ አለኝ። ሰሌዳው ላይ «ማነጣጠር» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ጠመኔው አልቆ ጣቴ ላይ ስለደረሰ አጭሩን መረጥኩ። «ማለም» ብዬ አለፍኩ። ሴትዮዋ የሰጠኋቸውን ቃል ነው መልሰው ያቀበሉኝ። የሳቅሁት በራሴ ስህተት ነበር፣ ያውም በእሳቸው እናት ስም።

መምህራን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ኀፍረቱ ፊቴን አቃጠለው። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ከመደርደሪያው ላይ የቃላትን ታሪክ የሚናገረውን ወፍራም መዝገበ ቃላት አወረድኩ። ምናልባት ጥፋቴን የሚያቀልልኝ ነገር ፈልጌ ይሆናል። ኤይምን ለአሥራ አምስት ዓመት ሳስተምር፣ በየዕለቱ የትምህርት ዕቅዴ አናት ላይ «ዓላማ» ለማለት ስጽፈው፣ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም።

ቃሉ እንግሊዝኛ ሆኖ አልተወለደም። ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው የመጣው፣ እዚያ ደግሞ ማነጣጠር አልነበረም። መገመት ነበር። እንግሊዞቹም መጀመሪያ የተጠቀሙበት ለግምት ነው፤ ርቀትን፣ ብዛትን፣ መጠንን በዓይን ለመገመት። ቀስት የሚወረውር ሰው ደግሞ ከመወርወሩ በፊት ርቀቱን መገመት አለበት፤ እየዋለ እያደረ መገመቱ ቀረና ማነጣጠሩ ብቻ የቃሉ ትርጉም ሆነ። ከፈረንሳይኛው ጀርባ ደግሞ ላቲን አለ፣ የላቲኑ ግስ ለአንድ ነገር ዋጋ መስጠት፣ ምን ያህል እንደሚያወጣ መመዘን ነው። ከዚያው ሥር ሌሎች ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ወጥተዋል። አንዱ ኢስቲሜት ነው፣ ግምት። ሁለተኛውን ሳነብ ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። ኢስቲም። ማክበር፣ ትልቅ ዋጋ መስጠት።

ኤይምና ኢስቲም እህትማማች ናቸው። እናታችን እናታቸውን ያደረጓቸውን ነገር ወደ ጥንቱ ብወስደው «ገመትኳት፣ ዋጋዋን አወቅሁ፣ አከበርኳት» ይሆናል። አንድ ተራ ቃል፣ ልጆች በየቀኑ የሚያነበንቡት፣ ሆዱ ውስጥ ይህን ሁሉ ይዞ ስንት ዘመን ዝም ብሎ ኖሯል።

ወደ አማርኛዬም ተመለስኩ። ሕልምን በሐመሩ ሐ፣ ዓላማን በዐይኑ ዐ እንድንጽፍ ልጅ ሳለሁ ተገርፌ ተምሬያለሁ፣ ምክንያቱን ግን ማንም አልነገረኝም። ለካ በፊደል ተለያይተው የተቀመጡት አፋችን ላይ ሲደርሱ አንድ «አለመ» ሆነው ነው የሚወጡት። ማነጻጸርና ማነጣጠርስ? መነጽርስ? ሁሉም ከአንድ የማየት ቃል የተወለዱ ይመስሉኛል፣ ሊቅ አይደለሁምና አልምልም። ዕድሜ ልኬን ስናገርበት የኖርኩት ቤት ውስጥ ገብቼባቸው የማላውቃቸው ክፍሎች እንዳሉ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ረቡዕ ከሰዓት ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የለቡ ታክሲ ያዝኩ። ደብተሩ ጭኔ ላይ ነበር። ከታክሲው ወርጄ የአትክልት መደብሮቹን ተራ በተራ እያየሁ ስሄድ አንድ የተቀዳደደ ጥላ ሥር አገኘኋቸው፣ ቲማቲም ሲደረድሩ። አዩኝ። ፈገግ አላሉም፣ ፊታቸውንም አላዞሩም። የተገለበጠ የቲማቲም ሳጥን በእጃቸው አሳዩኝና ተቀመጥኩ።

ምላሴ፣ ያ ሁልጊዜ የሚቀድመኝ፣ ያን ጊዜ ቀረብኝ። እሳቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። መሬት ላይ በተነጠፈ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ይከምራሉ፣ ያለ ሚዛን። አንዱን ያነሳሉ፣ ያያሉ፣ ከአንዱ መደብ ላይ ቀንሰው ሌላው ላይ ይጨምራሉ። አንዲት ገዢ መጣችና ይሄኛው ከዚያኛው ያንሳል ብላ ተከራከረች። እናታችን ሁለቱን መደቦች በሁለት ፌስታል ከተው አጠገባቸው ወዳለው ሽንኩርት ሻጭ ሚዛን ላኳት። እኔም ተነስቼ አየሁ። የሚዛኑ ቀስት አንዱ ሲጫን የቆመበት ቦታ ላይ ሌላውም ሲጫን ቆመ። ገዢዋ ከፍላ አንዱን ይዛ ሄደች። ለሽንኩርት ሻጩ ነገሩ አዲስ አልነበረም፣ ቀና ብሎም አላየ። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዴት እንደሚያውቁት ስጠይቃቸው ዓይንም እጅም ሲለምድ ይገምታል አሉኝ፣ ምኑ እንደገረመኝ ራሳቸው እየገረማቸው።

መዝገበ ቃላቱ የነገረኝ ነገር እዚያ ማዳበሪያ ላይ ተከምሮ ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ማለም ብዬ የጻፍኩልዎት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ደብተሬ ላይ አለ። ልክ ነው ብለሽበታል።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«በተማሪ ፊት አስተማሪ ይታረማል እንዴ፣ ቲቸር? ደብተሩን የተውኩልሽ ብቻሽን እንድታዪው ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሳምንታት ሙሉ የእኔን ክብር ጠብቀው፣ የእሳቸውን ግን እኔ በክፍሉ ፊት ጥዬው። ለምን እንደቀሩ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ፣ ሳልጠይቅ ነገሩኝ። በእሳቸው ቢሳቅ ግድ እንዳልነበራቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲያነቡ ቤታቸውም ውስጥ እንደሚሳቅባቸው አጫወቱኝ። ያመማቸው እናታቸው ስም ላይ መሳቁ ነው።

ከዚያ የሕልሙን ነገር አወሩኝ፣ እጃቸው ቲማቲሙን ሳይተው። አራተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው ታመሙ። ቤት ውስጥ ስድስት ልጅ ነበር። እናታቸው አንድ ጠዋት ደብተራቸውን ከእጃቸው ወሰዱና «ከርሞ ትመለሻለሽ» አሏቸው። ከርሞ መጣ፣ ሌላ ከርሞ መጣ፣ ደብተሩ የት እንደገባ አልታወቀም፤ እሳት ማያያዣ ያደረገችው ይመስለኝ ነበር አሉ። እናታቸውን እስከ መጨረሻው ጦረዋል፣ አጥበዋል፣ አጉርሰዋል። ይቅር ግን አላሏቸውም ነበር። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የእሳቸው ዕንባ እንቢ ብሎ እንደቀረ ነገሩኝ። ትምህርት የጀመሩትም በእልህ ነው፣ እናታቸውን እንደሚችሉ ለማሳየት። የሕልሙ ሌሊት ግን እናታቸው መጡና ምንም ሳይናገሩ ደብተሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። ሲነቁ ትራሱ ርሶ ነበር። ያን ዓረፍተ ነገር የጻፉት በዚያው ጠዋት ነው።

አሁን የእኔ ተራ ሆነ። ቃሉ ከየት እንደመጣ ነገርኳቸው። መጀመሪያ መገመት እንደነበር፣ ማነጣጠር የሆነው በኋላ እንደሆነ፣ ሥሩ ዋጋ መስጠት እንደሆነ፣ ከዚያው ሥር ማክበር የሚል ቃል እንደወጣ። እኔ ስናገር ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው ቆመ። አንዲት ቲማቲም ይዘው ቀሩ።

«ይህን ሁሉ የያዘው አንድ ቃል?» አሉ።

«ይህን ሁሉ የያዘው አንድ ቃል።»

ቲማቲሟን መደቡ ላይ መለሱ። ከታክሲ ተራው ረዳቱ «ጎፋ፣ ጎፋ» እያለ ይጣራል።

«እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «አርባ ዓመት አነጣጥሬባት ነበር። ግምቴ ልክ አልነበረም። ምን ታድርግ እሷ፣ ባሏ ተኝቶ፣ ስድስት አፍ ይዛ።»

እዚያ ሳጥን ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አላፈርኩም። ክፍሉን ለማሳቅ ብዬ የወረወርኩት «ምን አደረጉዎት፣ በምን አነጣጠሩባቸው» የሚለው ቀልድ አርባ ዓመት የቆየ ቁስል ላይ እንዳረፈ ያኔ ነው የገባኝ።

እሳቸው ግን ሐዘኑን አላራዘሙትም። ነጠላቸውን አስተካከሉና ወቀሳቸውን ወደ አማርኛ አዞሩት። በኦሮምኛ ሕልም አብጁ እንደሚባል፣ ዒላማ ደግሞ ሌላ ቃል እንደሆነ፣ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው በሰፈራቸው እንደሌለ አስረዱኝ። በኦሮምኛ ብትነግሪኝ ኖሮ አልሳሳትም ነበር፣ አማርኛችሁ ነው ጉድ የሠራኝ አሉ። የአማርኛን ጥፋት እኔ ተቀበልኩ፣ ሌላ ማን ይቀበላል።

ስለ ዓርቡ ፊርማ ነገርኳቸው። ካልመጡ ዓመቱ እንደሚያመልጣቸው፣ ይህን ጥፋት ተሸክሜ መኖር እንደማልችልም ጨመርኩ፤ ይሄ የመጨረሻው ባይባል ይሻል ነበር፣ ስለ እኔ አልነበረምና። ዓርብ ገበያው የሚደራበት ቀን ነው ብቻ አሉኝ። እመጣለሁም አልመጣምም አላሉም። ደብተሩን ሰጠኋቸው። እሳቸው አንድ መደብ ቲማቲም በፌስታል አድርገው ያዢ ብለው ሰጡኝ፣ እምቢ ብል ይከፋቸው ነበርና ተቀበልኩ።

ዓርብ ጠዋት ማንም አልመጣም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሬጅስትራሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ዝርዝሩን ደግሞ በዚያው ዕለት ወደ ክፍለ ከተማ ይልካል። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ክፍል አልነበረኝም፣ በሩ ላይ ቆምኩ። ከሬጅስትራሩ ጋር ወሬ እየፈጠርኩ ጊዜ ገዛሁ፣ የልጆቹን ጤና ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። መሳቢያውን ሊቆልፍ ቁልፉን ሲያወጣ እናታችን ከነሽርጣቸው ገቡ፣ ጣታቸው በቲማቲም ቀልቶ።

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» አሉ፣ ሰላምታም ሳይቀድም። እጃቸውን በሽርጡ ጠረጉና እስክሪብቶውን ተቀበሉ። አልቸኮሉም። ስማቸውን ከነአባት ከነአያት፣ ፊደል በፊደል፣ ወረቀቱ ጀርባ ድረስ በሚዘልቅ ጭነት ጻፉት። ሬጅስትራሩ መፈረም ብቻ ይበቃ እንደነበር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ አየሁት፣ ተወው።

በማግስቱ ቅዳሜ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተማሪዎቹ ሁሉ እስኪገቡ ጠበቅሁና ሰሌዳው ላይ ኤይም ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እናታችን ከሰሌዳዬ ላይ የገለበጡት ልክ እንደነበር ለክፍሉ ተናገርኩ። ለሕልም ድሪም ጻፉ፣ ፈተናው ላይ ሌላው ሁሉ ስህተት ይባላል አልኩ። ከዚያ የቃሉን ታሪክ እንደገና አወራሁ። ጥበቃው አሁንም አንድ ቀልድ አልተናገረም። ልብስ ሰፊዋ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ ሁልጊዜ የምታደርገው ይኸው ግምት እንደሆነ ተናገረች።

የክፍል ሥራ አድርጌ በድሪም አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር ሰጠኋቸው። በየዴስኩ እየዞርኩ አረምኩ። እናታችን ጋ ስደርስ አምስቱም ልክ ነበሩ፤ እናታቸውን በሕልም አይተዋል፣ ደብተር ሰጥተዋቸዋል፣ በር ከፍተውላቸዋል። አምስቱም ላይ በቀይ ልክ ነው አልኩ። ከሥራቸው አንድ መስመር ተዘልሎ ስድስተኛ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፣ ያላዘዝኩት። «አይ ኤይም ማይ ማዘር» ይላል።

በልማድ ቀይ እስክሪብቶዬ ወደዚያ ሄደ። እናታችን መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«እሱን ተይልኝ፣ ቲቸር» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ለፈተና አይደለም።»

እስክሪብቶዬን ከደንኩትና ወደሚቀጥለው ዴስክ አለፍኩ።